ጅማ ላይ ትንሽ አውሮፕላን ለመሥራት ካሰባችሁ፦ እንጨት ከመቁረጣችሁ በፊት የሚሠራ ስሌት

ባለ አንድ መቀመጫ አውሮፕላን በእጁ ሠርቶ ማብረር የሚመኝ ወጣት ጅማ ውስጥ ጥቂት አይደለም። ከቴክኖሎጂ ተማሪም ከጋራዥ ልጅም የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፦ እስከ ምን ድረስ ማሳነስ ይቻላል? ትንሽ ከሆነ ይቀላል፣ ከቀለለ ትንሽ ሞተር ይበቃዋል፣ ወጪውም ይቀንሳል ነው ሐሳቡ። ግማሹ እውነት ነው። ክብደት መቀነስ ሁሌም ጥሩ ነው። ክንፍ ማሳጠር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በተለይ እንደ ጅማ ከፍ ባለ ቦታ ክንፍ ያሳጠረ ሰው የቆጠባትን እንጨት በሞተር ጉልበት መልሶ ይከፍላታል፤ ያውም በእጥፍ።

ትንሽነትን እስከ ጥግ የወሰዱ ሰዎች ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ሮበርት ስታር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1988 ያበረራት ባምብል ቢ 2 ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 1.68 ሜትር ብቻ ነበረች። ሞተሯ ግን 85 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ያቺን የምታክል ክንፍ አየር ላይ ለማቆየት ያን ሁሉ ጉልበት ያስፈልጋል ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሞተሯ አየር ላይ ጠፋና ተከሰከሰች፣ ስታርም ክፉኛ ተጎድቶ ተረፈ። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሚሼል ኮሎምባን እ.ኤ.አ. በ1973 ለበረራ ያበቃት ክሪ ክሪ ከዚህ በጣም የተሻለች ናት። ክንፏ 4.9 ሜትር ነው፣ ባዶዋን 80 ኪሎ አትሞላም፣ የምትበረውም 15፣ 15 የፈረስ ጉልበት ባላቸው ሁለት ሞተሮች ነው። ድንቅ ሥራ ናት፤ ግን ከቀጭን አሉሚኒየም በከፍተኛ ጥንቃቄ የተሠራች ስለሆነች ለጀማሪ የምመክራት አይደለችም።

እኔ ለእኛ አገር ከፍታ ቅርብ የምላት ከነዚህ ቀደም ብላ እ.ኤ.አ. በ1948 የበረረችውን ጆደል ዲ9 ነው። ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራች፣ ክንፏ 7 ሜትር ገደማ፣ የክንፏ ስፋት 9 ካሬ ሜትር። በኋላ ብዙ ሰው በቮልስ ሞተር ሠርቷታል። ፈጣን አይደለችም። ግን ትወጣለች፣ ቀስ ብላም ታርፋለች። ከዚህ በታች ያለው ስሌት በሙሉ ለምን ወደ እንደዚህ ዓይነቷ እንደሚወስደን ያሳያል።

የአገራችንንም አንርሳ። በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር መሪነት አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ በ1928 ዓ.ም የበረረችው ፀሐይ፣ በጣሊያኖች ተወስዳ በጥር 2016 ዓ.ም ወደ አገሯ የተመለሰችው፣ ባለ 115 የፈረስ ጉልበት ሞተር ነበረች። ለሁለት ሰው አውሮፕላን፣ ለዚያ ዘመን፣ ደህና ጉልበት ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው።

መጀመሪያ አየሩን መዝኑ

አዎ፣ አየር ይመዝናል። በባሕር ጠለል ላይ፣ በ15 ዲግሪ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ነው። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት የማንኛውም አውሮፕላን የመነሻ ርቀት፣ የመውጣት ፍጥነት፣ የማረፊያ ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ አየር የተሰላ ነው። ጅማ ግን ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው የምትገኘው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ወደ 825 ሄክቶፓስካል ይወርዳል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሙቀቱ ላይ 273 ደምሩ፣ ድምሩን በ2.87 አባዙ፣ ከዚያ ግፊቱን በዚህ ቁጥር አካፍሉት። ከሰዓት በኋላ 27 ዲግሪ ሲሆን 825 ሲካፈል ለ861 ይመጣል፤ ውጤቱ 0.958 ኪሎ ነው። ከባሕር ጠለሉ 22 በመቶ የቀለለ አየር ማለት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 12 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ 1.009 ይሆናል፣ ጉድለቱም 18 በመቶ ገደማ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ስልካችሁ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ለጅማ 1,015 ወይም 1,020 የሚል ግፊት ያሳያችኋል። ያ ቁጥር ወደ ባሕር ጠለል ተስተካክሎ የተጻፈ ነው፤ ጅማ ያለው ትክክለኛ ግፊት አይደለም። እሱን ይዛችሁ ካሰላችሁ አውሮፕላናችሁ ወረቀት ላይ አሪፍ ሆና መሬት ላይ አልነሳ ትላለች። የግፊት መለኪያ ያለው ስልክ ካላችሁ ጥሬውን ንባብ የሚያሳይ መተግበሪያ ጫኑ፣ ያ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ክብደቱን በሐቅ ጻፉ

ለምሳሌ ይሆነን ዘንድ አንድ አውሮፕላን እንያዝ። ባዶዋን 140 ኪሎ፣ አብራሪው ከነልብሱና ከነጫማው 75 ኪሎ፣ 15 ሊትር ቤንዚን 11 ኪሎ ገደማ። ድምሩ 226 ነው፣ 230 እንበለው። በኒውተን 2,256 ይሆናል፤ ኪሎውን በ9.81 ማባዛት ነው። ባዶ ክብደት ላይ ራሳችሁን አታታሉ። ቀለም ይመዝናል፣ ማጣበቂያ ይመዝናል፣ ብሎን ይመዝናል፣ ባትሪ ይመዝናል። እያንዳንዷን ዕቃ ከመግጠማችሁ በፊት መዝናችሁ ደብተር ላይ ካልጻፋችሁ መጨረሻ ላይ 30 ኪሎ ከየት እንደመጣ አታውቁትም።

አሁን ክንፉ

የክንፉን ስፋት የሚወስነው በስንት ፍጥነት ማረፍ ትፈልጋላችሁ የሚለው ነው። ክንፍ ከሆነ ፍጥነት በታች አየሩን መያዝ ያቅተዋል። ስቶል የሚባለው ይህ ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ክብደቱን በኒውተን በ2 አባዙ፤ ከዚያ ለአየሩ ክብደት፣ ለክንፉ ስፋትና ለ1.4 ብዜት አካፍሉት፤ የመጣውን ቁጥር ስኩዌር ሩት አውጡ። መልሱ በሰከንድ ሜትር ነው፣ በ3.6 ሲባዛ ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሆናል። ያቺ 1.4 ፍላፕ (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚታጠፍ ክፍል) የሌለው ተራ ክንፍ የሚሰጠው የማንሳት መጠን ናት። ከዚያ በላይ አገኛለሁ ብላችሁ አትጻፉ።

በ8 ካሬ ሜትር ክንፍ ስንሞክረው በባሕር ጠለል 65 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይመጣል። ጅማ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ 74። ክንፉን ወደ 3 ካሬ ሜትር ብናወርደውስ? 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት። በዚህ ፍጥነት ሳር ሜዳ ላይ የሚያርፍ ሰው አስቡ። ሞተር ቢጠፋና ማሳ ውስጥ ማረፍ ግድ ቢሆን የሚያጋጥመው ጉልበት ከ74ቱ ጋር ሲተያይ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው፤ ምክንያቱም የግጭት ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ለእኔ ክርክሩ እዚህ ጋ ያልቃል። ከ8 ካሬ ሜትር በታች ጅማ ላይ አልሠራም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የፍጥነት ጌጁ ጅማም ይሁን ባሕር ዳርቻ ስቶል ላይ የሚያሳየው ያንኑ 65 ገደማ ነው፣ እሱም የሚለካው የአየሩን ግፊት ስለሆነ። መሬቱ ግን ከሥራችሁ በ74 ነው የሚሮጠው። ለማረፍ ስትቀርቡ የስቶሉን 1.3 እጥፍ መያዝ የተለመደ ነው፤ ያ ማለት መሬት ላይ 96 ኪሎ ሜትር በሰዓት። መሬቱ ፈጠነብኝ ብሎ ጌጁን ሳያይ ፍጥነት የሚቀንስ አብራሪ ከፍ ባለ ቦታ ላይ የሚሞተው በዚህ ነው።

ዋናው ጉዳይ፦ መውጣት ትችላለች ወይ?

ስለ ስፋቱ አወራን፣ አሁን ስለ ርዝመቱ እናውራ። አንድ ዓይነት 8 ካሬ ሜትር ክንፍ 7 ሜትር ረዝሞ ጠበብ ያለ ሊሆን ይችላል፣ ወይም 5 ሜትር ሆኖ ሰፊ። የስቶል ፍጥነታቸው ያው ነው። የመውጣት ችሎታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

አውሮፕላኗን ወደ ኋላ የሚጎትት ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የአካሏ መጎተት ነው፤ እግሯ፣ ሞተሯ፣ የአብራሪው ጭንቅላት፣ ሁሉም። ሌላው ክንፉ ለማንሳት ሲል ራሱ የሚፈጥረው መጎተት ነው። ይህ ሁለተኛው የሚቀንሰው በክንፉ ርዝመት ስኩዌር ነው፤ ቀስ ብሎ በሚበር አውሮፕላን ላይ ደግሞ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እሱ ነው። ሽቅብ የምትወጡት ቀስ ብላችሁ ስለሆነ ክፍያው የሚመጣው በዚያው በአስጊው ሰዓት ነው።

በቁጥር እንየው። በ94 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ማለትም በሰከንድ 26 ሜትር፣ ሽቅብ እየወጣን ነው እንበል። አየሩን በመጠኑ ሰንጥቃ የምታልፍ አውሮፕላን አካሏ የሚጎትተው 116 ኒውተን ገደማ ነው። ክንፏ 7 ሜትር ከሆነ የክንፏ መጎተት 136 ኒውተን ይሆናል። ድምሩን በፍጥነቱ ስናባዛው 6,550 ዋት ገደማ፣ ወደ 9 የፈረስ ጉልበት ነው። አየር ላይ ሳትወርድም ሳትወጣም ለመቆየት ብቻ የምትፈልገው ይህን ነው።

30 የፈረስ ጉልበት ሞተር ገጥመናል እንበል። በቀለለ አየር ውስጥ ሞተር የሚያጣው ጉልበት ከአየሩ ጉድለት ትንሽ ይበልጣል። በእኛ ሁኔታ 75 በመቶ ገደማ ነው የሚቀረው፣ ማለትም 22.5። ፕሮፔለሩ ደግሞ በዚህ ዝቅተኛ ፍጥነት ከሚሰጠው ጉልበት 60 በመቶውን ብቻ ወደ ግፊት ቢቀይር ነው። እጃችን ላይ የቀረው 13.5 የፈረስ ጉልበት ነው። ከዚህ ላይ ለመቆየት የሚያስፈልገው ሲቀነስ 4.6 ይተርፋል። የተረፈውን በዋት ስትጽፉት 3,430 ነው፤ ለክብደቱ ማለትም ለ2,256 ስታካፍሉት በሰከንድ 1.5 ሜትር፣ በደቂቃ 91 ሜትር ይወጣል። ያቺው አውሮፕላን በባሕር ጠለል በደቂቃ 200 ሜትር ትወጣለች። አየሩ የቀለለው በ22 በመቶ ነው፣ መውጣቷ ግን ከግማሽ በላይ ጠፋ። ምክንያቱ የምትወጡት በሙሉው ጉልበት ሳይሆን በተረፈው መሆኑ ነው።

አሁን ክንፉን ወደ 5 ሜትር አሳጥሩት፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተዉት። የክንፉ መጎተት ከ136 ወደ 267 ኒውተን ይዘላል። ለመቆየት ብቻ 13.4 የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። እኛ ያለን 13.5 ነው። አለቀ፣ ምንም አልተረፈም።

ይህች አውሮፕላን አትነሳም ማለት አይደለም፣ አደጋውም እሱ ነው። ክንፍ መሬት አጠገብ ሲሆን መጎተቱ ስለሚቀንስ ትነሳለች፣ ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ ትላለች፣ ሰው ያጨበጭባል። ከዚያ ግን ከፍ አልል ትላለች። መንደርደሪያው ያልቃል፣ ፊት ለፊት ባሕር ዛፍ አለ፣ አብራሪው አፍንጫዋን ወደ ላይ ይስባል፣ ፍጥነቷ ይወርዳል፣ ስቶል። ስለዚህ አውሮፕላኗ መሬት ላይ በምታሳየው ነገር አትወስኑ፤ ወረቀቱ ላይ በተረፈው ጉልበት ወስኑ።

7 ሜትሯም ብትሆን በጣም አትመኩ። በደቂቃ 91 ሜትር ማለት አንድ ኪሎ ሜትር ወደ ፊት ሄዳችሁ 58 ሜትር ብቻ ከፍ ማለት ነው። ጅማ ዙሪያዋን ኮረብታ ነው፣ በጅሬን በኩል ይሁን በሌላው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ አየሩ እዚህ ሽቅብ እዚያ ቁልቁል ይሄዳል፤ በሰከንድ አንድ ሜትር ተኩል ቁልቁል የሚሄድ አየር ብርቅ አይደለም። እሱ ብቻ መውጣታችሁን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል። ጠዋት፣ ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ ሙቀቱ ሳይነሳ፣ ያቺው አውሮፕላን በደቂቃ ወደ 114 ሜትር ትወጣለች። ሩብ ያህል ጭማሪ በነጻ ነው። የ10 ኪሎ ጭማሪ ደግሞ ከ91 ወደ 81 ያወርዳችኋል፤ ለዚህ ነው ከላይ ደብተር ያዙ ያልኩት።

የመንደርደሪያው ነገር ባጭሩ፦ የመነሻ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በባሕር ጠለል የተጻፈውን ርቀት ለጅማ ከሰዓት ቢያንስ በ1.7 አባዙት። 150 ሜትር የተባለው 255 ይሆናል። ያ ደግሞ ደረቅ ሜዳ ላይ ነው። በክረምት የራሰ ሳር ላይ የኔ ምክር አትሞክሩት ነው።

ሞተር

የባጃጅ ሞተር ይሆናል ወይ? አይሆንም። 10 የፈረስ ጉልበት ብንለው እንኳ ጅማ ላይ ከፕሮፔለሩ በኋላ 4.5 ይቀረዋል፤ ለመቆየት ከሚያስፈልገው ግማሹ ነው። ሁለት ባጃጅ ሞተርስ? ሁለት እጥፍ ክብደት ይዞ 9 ላይ ይደርሳል፤ ለመውጣት ምንም አይተርፍም።

የሞተር ሳይክል ሞተር ጉልበት አለው፣ ግን ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 8,000 ዙር አካባቢ ነው። የፕሮፔለር ጫፍ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ ጉልበቱን በጩኸት ይጨርሰዋል፤ ለእንጨት ፕሮፔለር በሰከንድ 240 ሜትር ጥሩ ጣሪያ ነው። በ8,000 ዙር ይህን ለመጠበቅ ፕሮፔለሩ ከ57 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። እንደዚያ ያለ ትንሽ ፕሮፔለር በዝቅተኛ ፍጥነት የሚረባ ግፊት አይሰጥም። ስለዚህ ዙር መቀነሻ ቀበቶ ወይም ጥርስ ማስገባት ግድ ነው፣ እሱም ክብደትና ሌላ የሚበላሽ ነገር ነው።

የድሮ ቮልስ ሞተር የሚወደደው በዚህ ምክንያት ነው። በ3,200 ዙር በቀጥታ 1.35 ሜትር ፕሮፔለር ያዞራል፣ ጫፉም በሰከንድ 226 ሜትር ላይ ይቀራል። ውኃ የለውም፣ ራዲያተር የለውም። ሞተሩን ለሁለት ቆርጠው ባለ ሁለት ሲሊንደር የሚያደርጉት አሉ፣ 30ውን የሚሰጠው እሱ ነው፤ ግን ጥሩ ማሽን ሾፕና ልምድ ይጠይቃል። እኔ ብሆን ሙሉውን ነው የምመርጠው። አውሮፕላኗ ወደ 265 ኪሎ ትወጣለች፣ ስቶሏም ወደ 79 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከፍ ይላል። ግን ከሙሉው ሞተር 45 የፈረስ ጉልበት ካገኛችሁ በ7 ሜትር ክንፍ በደቂቃ 160 ሜትር ትወጣለች። ክንፉን ወደ 9 ካሬ ሜትር ብታሰፉት ስቶሉም ወደ 75 ይመለሳል። እንግዲህ ጆደሏ ዘንድ ደረስን ማለት ነው።

ስለ ካርቡሬተር አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የጅማ አየር እርጥበት አለው። ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚኑ ሲተን አየሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ውጪው 15 ወይም 20 ዲግሪ ሆኖ እንኳ ውስጡ በረዶ ሊሠራ ይችላል፤ በተለይ ለማረፍ ጋዝ ስትቀንሱ። መኪና ላይ የሞተሩ ሙቀት ስለሚረዳ አይታወቅም። አውሮፕላን ላይ ከጭስ ማውጫው አጠገብ የሞቀ አየር ወደ ካርቡሬተሩ የሚያስገባ መስመርና በእጅ የሚከፈት በር ያስፈልጋል። ይህን አትዝለሉት። ደግሞ ጅማ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ወደ ቆላ ሲወርድ ቤንዚኑ ለአየሩ ያንሰዋል፣ ሞተሩም ይግላል፤ ቦታ ስትቀይሩ እንደገና አስተካክሉት።

ጅራትና ሚዛን

የ8 ካሬ ሜትር ክንፍ፣ 7 ሜትር ርዝመት፣ ወርዱ 1.14 ሜትር ይሆናል። ጅራቱ ከክንፉ 3 ሜትር ወደ ኋላ ከሆነ አግድሙ ጅራት 1.5 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆመው 0.65 ካሬ ሜትር ገደማ ይሁን። ጅራቱን ካቀረባችሁት ስፋቱን በዚያው ልክ ጨምሩ። አውሮፕላኗን ለማሳጠር ብሎ ጅራት ማቅረብ ሌላው የትንሽነት ወጥመድ ነው።

የክብደቱ ማዕከል የት እንደሚያርፍ ማወቅ ከሁሉም ይበልጣል። ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ የወርዱ 25 በመቶ ላይ፣ ማለትም 28 ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ ቢሆን መልካም ነው። ከ30 በመቶ፣ ከ34 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ኋላ አይለፍ። አፍንጫ የከበዳት አውሮፕላን ታስቸግራለች፣ ጅራት የከበዳት ግን ትገድላለች። ለመለካት የቡና ነጋዴዎች የሚጠቀሙበት የመሬት ሚዛን ይበቃል። አውሮፕላኗን ደልድላችሁ፣ አብራሪው ተቀምጦ፣ በሦስቱም ጎማ ሥር ያለውን ኪሎ ጻፉ። እያንዳንዱን ኪሎ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ባለው ርቀት አባዙ፣ ከጠርዙ ፊት ያለውን ጎማ በመቀነስ ምልክት ያዙት፣ ደምሩ፣ ለጠቅላላው ኪሎ አካፍሉ። ቤንዚኑ ሙሉ ሆኖም ባዶ ሆኖም ሥሩት። በትንሽ አውሮፕላን አብራሪው የክብደቱ ሲሶ ስለሆነ ወንበሩ ማዕከሉ አጠገብ ካልሆነ 55 ኪሎው ልጅና 85 ኪሎው ልጅ ሁለት የተለያየ አውሮፕላን ነው የሚያበሩት።

ንድፍ ከራሳችሁ አትፍጠሩ የምለውም ለዚህ ነው። የፈረንሳዩ ሄንሪ ሚኜ እ.ኤ.አ. በ1933 ያወጣት ፑ ዱ ሲየል በቤት የምትሠራ አውሮፕላንን ሕልም ለሺዎች ያዳረሰች ነበረች። ከዚያ አብራሪዎች መሞት ጀመሩ። በነፋስ ዋሻ ሲሞከር ሁለቱ ክንፎቿ አንዱ የሌላውን አየር ስለሚያበላሽ አፍንጫዋ አንዴ በኃይል ከዘቀዘቀ ቀና ማድረግ እንደማይቻል ታወቀ። በአንዳንድ አገሮችም ታገደች። በራሳቸው እጅ የገነቡ የተጉ ሰዎች ናቸው የሞቱት። ሥራቸው አልነበረም ጥፋቱ፣ ንድፉ ነበር። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የተሠራ፣ ብዙ ሰዓት የበረረ ንድፍ ገዝታችሁ ስሌቱን በጅማ አየር እንደገና ሥሩት።

እንጨቱና ሙከራው

ንድፎቹ ስፕሩስ የሚባል እንጨት ይላሉ። እኛ ጋ የለም። ዝግባ አለ፣ ዋንዛ አለ፣ ቀረሮ አለ። የጅማ የእንጨት ባለሙያ ዋንዛን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ግን ወንበር ሌላ ነው፣ ክንፍ ሌላ። ሞክሩት። 2 ሴንቲ በ2 ሴንቲ የሆነ ቀጥ ያለ ዘንግ አዘጋጁ፣ 28 ሴንቲ ሜትር በሚራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ አጋድሙት፣ መሃሉ ላይ እስኪሰበር ጫኑት። ጥሩ ስፕሩስ ወደ 135 ኪሎ ላይ ነው የሚሰበረው። ከተለያየ ግንድ ብዙ ዘንግ ስበሩ፣ ንድፍ ላይ የምትጠቀሙት ደካማውን ቁጥር ነው። ጥንካሬው ቢመጣም ክብደቱን እዩ፣ ከስፕሩስ የከበደ እንጨት ከሆነ ከላይ ያለውን ስሌት ሁሉ ይነካል። እርጥበቱንም ለኩ፦ ቁራጩን መዝኑ፣ እስኪደርቅ ምድጃ ውስጥ አቆዩት፣ እንደገና መዝኑ፣ ልዩነቱን ለደረቁ ክብደት አካፍሉ። 12 በመቶ አካባቢ ጥሩ ነው። ጅማ ውስጥ ክረምት ላይ የተቆረጠ እንጨት በጥቂት ቀን እዚህ አይደርስም፣ ታገሱት።

ነጩን ኮላ ለዋናው መዋቅር አትጠቀሙ፣ ጭነት ላይ ሲቆይና ሲሞቅ ይንሸራተታል። ኤፖክሲ ይሁን። የቤት ዕቃ ኮምፔርሳቶም እንዲሁ አይሆንም፣ ውስጡ ባዶ ቦታ አለው። ክንፉን ከአካሉ የሚያይዙት ብሎኖች ደግሞ ጭንቅላታቸው ላይ ቢያንስ 8.8 የሚል ምልክት ከሌላቸው ይመለሱ።

ክንፉ ካለቀ በኋላ ገልብጣችሁ ጫኑት። 230 ኪሎ ከሆነችው አውሮፕላን የክንፉ ራሱ 35 ኪሎ ይቀነሳል፣ 195 ይቀራል። ክንፉ ሳይጎዳ እንዲችል የምንፈልገው ጭነት የዚህን 3.8 እጥፍ ነው፤ ሲባዛ 741 ይሆናል። የተገለበጠው ክንፍ የራሱ ክብደትም ወደ ታች ስለሚጫነው 35ቱን ቀንሱ፣ 706 ኪሎ አሸዋ ይሆናል፤ 60 ኪሎ በሚይዝ የቡና ጆንያ 12 የማይሞላ። ከሥር ወደ ጫፍ እያሳነሳችሁ፣ በሁለቱም በኩል እኩል፣ በትንሽ በትንሹ ጫኑ፣ በእያንዳንዱ እርከን ጫፉ ስንት ሴንቲ እንደወረደ ጻፉ። አሸዋው ሲነሳ ክንፉ ወደ ነበረበት ካልተመለሰ ወይም የሚሰነጠቅ ድምፅ ከሰማችሁ ያ ክንፍ አይበርም። ክንፍ የሚነደፈው ከዚህ አንድ ጊዜ ተኩል የሚበልጥ ጭነት ለሦስት ሰከንድ እንዲችል ነው። እሱን የምትሞክሩት ግን ለሙከራ ብቻ በተሠራ ክንፍ ላይ ይሁን፣ ከዚያ በኋላ ለበረራ አይሆንምና።

ፈቃድ

በራሱ ገንብቶ ለማብረር የሞከረ ኢትዮጵያዊ አለ፤ ኬ-570ኤ የተባለችውን አውሮፕላን የሠራው አስመላሽ ዘፈሩ ለብዙዎቻችን ድፍረት የሰጠ ሰው ነው። ግን ለማንም ቢሆን ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይኖር በረራ የለም። ጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞች አውሮፕላን የሚመላለስበት ነው፤ አስፋልት ላይም ሆነ ሜዳ ላይ ተደብቆ መሞከር የራስንም የሰውንም ሕይወት ይነካል። ወደ ባለሥልጣኑ ስትሄዱ ክብደቱን፣ የሚዛን ስሌቱን፣ የአሸዋ ሙከራውን የጻፋችሁበትን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። የማብረር ስልጠናም በሌላ፣ በተፈቀደ አውሮፕላን ላይ፣ ከአስተማሪ ጋር ነው የሚወሰደው።

እስከዚያ ድረስ ሞዴል ሥሩ። ልኩን በ4 አሳንሱት፦ ክንፉ 1.75 ሜትር ይሆናል። ክብደቱ ለ64 ስለሚካፈል 3.6 ኪሎ፣ ፍጥነቱ ለ2 ስለሚካፈል ስቶሉ 37 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ነው። ክብደቱ በትክክል ከተሰራጨ በሪሞት ስትበር የምታሳየው ጠባይ ለትልቋ በጣም ይቀርባል። ለዚህም አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው የራቀ ክፍት ሜዳም ያዙ። የክብደቱን ማዕከል መጀመሪያ 25 በመቶ ላይ አድርጋችሁ አብርሩ፣ ከዚያ በትንሽ እርሳስ ቁራጭ ወደ 28፣ ወደ 30 ግፉት፣ በእያንዳንዱ ላይ አፍንጫዋ ከተነካካ በኋላ በራሷ ትረጋጋ እንደሆነ እዩ፣ ስቶል ስታደርጓት የትኛው ክንፍ ቀድሞ እንደሚወድቅም በቪዲዮ ቅረጹ።